አንዷ ተሰጠች፣ አንዷ ተሸጠች፣ አንዷ ተወሰደች፦ የሦስት የእንግሊዝ መንደሮች ዕጣ

በላኮክ ገዳም ደቡባዊ ክፍል፣ ከግድግዳው ወደ ውጭ ገፋ ብሎ የተሠራ አንድ መስኮት አለ። ሲያዩት የሚያስደንቅ ነገር የለውም፤ በቀጫጭን የእርሳስ ብረት የተያያዙ ትናንሽ መስታወቶች ናቸው። እኔ በደረስኩበት ቅዳሜ ከፊቴ ዘጠኝ ሰዎች ተሰልፈው ነበር። ተራው የደረሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ መስኮቱን ያነሳል፣ ዞር ብሎ ራሱን ከመስኮቱ ጋር ያነሳል፣ ይሄዳል። በመስኮቱ አሻግሮ ወደ ሜዳው የተመለከተ አንድም ሰው አላየሁም።

መስኮቱን ዝነኛ ያደረገው የቤቱ ባለቤት የነበረው ዊልያም ሄንሪ ፎክስ ታልቦት ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1835 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አንዲት ትንሽ የእንጨት ሳጥን ከፊቱ አቁሞ ምስሉን በወረቀት ላይ አስቀረ። ከቴምብር እምብዛም የማትበልጠው ያቺ ወረቀት በካሜራ ተነስተው እስከ ዛሬ ከቆዩት ኔጋቲቮች (ብርሃኑ ጥቁር፣ ጥላው ነጭ ሆኖ የሚወጣባቸው ምስሎች) ሁሉ ቀዳሚዋ ናት፤ አሁን ያለችው በብራድፎርድ ከተማ ሙዚየም ነው። ታልቦት ከጎኗ በጻፈው ማስታወሻ፣ አዲስ ሳለች በአጉሊ መነጽር ቢያዩዋት ወደ 200 የሚጠጉትን የመስኮቱን መስታወቶች መቁጠር ይቻል እንደነበር ይናገራል። ሚስቱ ኮንስታንስ ባሏ በየቦታው የሚያኖራቸውን እነዚያን ሳጥኖች የአይጥ ወጥመድ ትላቸው ነበር። ወጥመዶቹ አይጥ አልያዙም። ዛሬ ግን መንደሩን ራሱን ይዘውታል ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ላኮክ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዊልትሺር አውራጃ፣ ከቺፐናም ከተማ በስተደቡብ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ መንደር ነው። አራት ዋና ዋና መንገዶች አሉት፤ አራቱ ተገጣጥመው አራት ማዕዘን ይሠራሉ፣ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው በአንድ ሩብ ሰዓት ተዞረው ያልቃሉ። አብዛኛው ቤት ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የተሠራ አይደለም። የኤሌክትሪክ ሽቦ በአናት ላይ አያልፍም፤ የቴሌቪዥን አንቴና በጣሪያ ላይ አይታይም። ስለዚህ የፊልም ሰዎች ይወዱታል። የሃሪ ፖተር ፊልሞች የተወሰኑ ክፍሎች የተቀረጹት በገዳሙ የእግር መተላለፊያና በመንደሩ ውስጥ ነው፤ ዛሬ ከመጻሕፍቱ ጋር ያደገ ትውልድ ልጆቹን አስከትሎ ይመጣል። ልጆቹ ገዳሙን የሚያውቁት የአስማት ትምህርት ቤት አድርገው ነው፤ የመነኮሳይያት ቤት ነበር ብትሏቸው የምትቀልዱ ይመስላቸዋል።

አንድ ነገር ላንሳ። በታልቦት የመጀመሪያ ሙከራዎች ጊዜ ብርሃን በወረቀቱ ላይ እስኪታተም ረጅም ደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይወስድ ነበር። የሚንቀሳቀስ ነገር አይያዝም። ሰው በካሜራው ፊት ቢያልፍ ጥላው እንኳ አይቀርም። የቀደሙት ፎቶዎች ሰው አልባ የሆኑት ሰው ስላልነበረ ሳይሆን መሣሪያው ሰውን ማየት ስላልቻለ ነበር። የዛሬው ስልክ በሰከንድ ቅንጣት ሁሉን ያያል። ጎብኚው ግን አሁንም ያንኑ ባዶ መንገድ ይፈልጋል። መንደሩን ያለ መንደርተኛው ማንሳት ይፈልጋል።

የዚህን ፍላጎት ጫፍ ለማየት ወደ ሰሜን ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወደ አጎራባቹ ግሎስተርሺር ወደ ቢበሪ መሄድ ነው። በዚያ አርሊንግተን ሮው የሚባሉ፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የበግ ፀጉር ማከማቻ ሆነው የተሠሩ፣ ኋላ የሸማኔዎች መኖሪያ የሆኑ የድንጋይ ቤቶች ተደርድረዋል። የእነዚህ ቤቶች ሥዕል በብሪታንያ ፓስፖርት ውስጥ ወጥቶ ያውቃል። ከቤቶቹ አጠገብ ይኖሩ የነበሩ አንድ አዛውንት ቢጫ መኪናቸውን ቤታቸው ደጃፍ ያቆሙ ነበር። መኪናዋ ፎቶ ታበላሻለች የሚል ቅሬታ ከተሰማ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ በ2017 መጀመሪያ፣ አንድ ሌሊት መስታወቷ ተሰብሮ አካሏ ተቧጥጦ ተገኘች። በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር ከየአገሩ የመጡ ወደ መቶ የሚጠጉ የቢጫ መኪና ባለቤቶች በሰልፍ ቢበሪ ገብተው አዛውንቱን አጽናኑ። እንግሊዞች ቁጣቸውን በቀልድ መግለጽ ይችሉበታል። ጥያቄው ግን ቀልድ አይደለም፦ ሰውየው ደጃፋቸው ላይ መኪና ማቆም የማይችሉ ከሆነ ቤቱ የማን ነው?

ስለነዚህ መንደሮች ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነገረው አንድ ነው፤ እንግሊዞች ቅርስ ወዳድ ስለሆኑ ጠበቁት ይባላል። እኔ ይህን አልቀበልም። እንግሊዞች ያፈረሱት ከጠበቁት ይበልጣል። አንድ መንደር የሚተርፈው ወይም የሚጠፋው በወሳኙ ሰዓት ባለቤቱ ማን እንደሆነና ምን እንደወሰነ ነው። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም፤ በዚያው በዊልትሺር፣ ከ1943 እስከ 1947 ባሉት አራት ዓመታት ውስጥ ሦስት መንደሮች ሦስት የተለያየ ዕጣ ወጣላቸው።

መጀመሪያ ግን ላኮክ እንዴት እስከዚያ ሰዓት እንደደረሰ።

ታሪኩ የሚጀምረው በሴት ነው። የሶልዝበሪዋ ባላባት ኤላ የንጉሥ ጆን ወንድም የዊልያም ሎንጌስፔ ሚስት ነበረች። ባሏ በ1226 ሲሞት እሷ ራሷ የዊልትሺር ሸሪፍ ሆና አውራጃውን አስተዳደረች፤ በዚያ ዘመን ለሴት ያልተለመደ ሥልጣን ነው። በ1232 ላኮክ ላይ የሴቶች ገዳም መሠረተች፤ ቆይታም ራሷ መንኩሳ እመ ምኔት ሆነች። ማግና ካርታ የሚባለው፣ የንጉሥን ሥልጣን በሕግ የገደበው ሰነድ በ1225 እንደገና ሲታወጅ ለዊልትሺር የደረሰው ቅጂ በዚህ ገዳም ተቀመጠ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ለንደን እስኪሄድ ድረስም በላኮክ ቆየ። መንደሩ ለገዳሙ እንደ ጉልት ነበር። ከመከሩ አሥራት ይገባል፤ የአሥራቱ ጎተራ ዛሬም በመንገዱ ዳር ቆሟል፣ ጣሪያውን የተሸከሙት ወጋግራዎች በ14ኛው ክፍለ ዘመን የቆሙት ናቸው። ገበያ ነበር፤ በግ ነበር፤ ከሁሉ በላይ የበግ ፀጉር ንግድ ነበር። ሀብቱ የመጣው ከዚያ ነው።

በ1539 ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ገዳማቱን ሲዘጋ ላኮክም ተዘጋ። በማግሥቱ ዓመት ዊልያም ሻሪንግተን የሚባል የቤተ መንግሥት ሰው በ783 ፓውንድ ገዛው። ቤተ ክርስቲያኑን አፈረሰ፤ መነኮሳይያቱ ይመላለሱበት የነበረውን ቅጥርና ክፍሎቻቸውን ግን አልነካም፣ ቤቱን በዚያ ላይ ሠራ። ሻሪንግተን ኋላ በብሪስቶል የመንግሥት ገንዘብ ማተሚያ ሲሠራ ሳንቲም በማጭበርበር ተፈርዶበት ርስቱ ተወረሰ፤ ምሕረት ሲያገኝ በገንዘብ መልሶ ገዛው። ርስቱ ከሻሪንግተን ቤተሰብ በጋብቻ ወደ ታልቦቶች አለፈ። ከዚያ በኋላ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ገዳሙም መንደሩም በአንድ ቤተሰብ እጅ ቆዩ።

ላኮክ ሳይለወጥ የቆየበት አንዱ ምክንያት ይህ የአንድ ቤተሰብ ባለቤትነት ነው፤ ሁለተኛው ድህነት ነው። የሱፍ ጨርቅ ሥራ ከእጅ ወደ ፋብሪካ ሲዞር ላኮክ ፋብሪካ አላገኘም። ከለንደን ወደ ብሪስቶል የተዘረጋው ትልቁ የባቡር ሐዲድ በ1841 ሲጠናቀቅ ያለፈው በቺፐናም በኩል ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ቤቱን አፍርሶ በዘመኑ ፋሽን ይሠራል፤ የላኮክ ሰው ገንዘብ አልነበረውምና የአያቱን ቤት እየጠጋገነ ኖረ። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይህ ነው። ዛሬ ሰው ከዓለም ዙሪያ እየመጣ የሚያደንቀው ውበት፣ በጊዜው ለነዋሪው ማፈሪያ ሳይሆን አልቀረም።

ለኢትዮጵያዊ ዓይን ደግሞ እነዚያ ቤቶች እንግዳ አይደሉም። ቸርች ስትሪት ላይ ያለውን ክራክ ሀውስ የተባለውን ቤት ሳየው ሳቄ መጣ። ቤቱን የተሸከመው፣ ቆልመም ያለ አንድ ግንድ ለሁለት ተሰንጥቆ ግራና ቀኝ የቆመ ነው፤ የመንደሩ አሮጌ ቤቶች ግድግዳም የእንጨት ማገርና የጭቃ ምርግ ነው። በአጭሩ ጭቃ ቤት ነው። ስድስት መቶ ዓመት የቆመ ጭቃ ቤት። ልዩነቱ ጣሪያው በድንጋይ ጠፍጣፋ መከደኑና በየዘመኑ የሚመርገው ሰው አለመጥፋቱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ ዕጣዎች።

ከላኮክ በስተደቡብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በሶልዝበሪ ሜዳ መሃል ኢምበር የምትባል መንደር ነበረች። በዙሪያዋ ያለውን መሬት የጦር ሚኒስቴር ለወታደር ማሠልጠኛ ቀስ በቀስ ሲገዛ ቆይቶ፣ ጦርነቱ ሲጀመር አብዛኛው የመንደሩ ሰው በመንግሥት ቤትና መሬት ላይ የሚኖር ተከራይ ሆኖ ነበር። በኖቬምበር 1943 ሰዉ በትምህርት ቤቱ ተሰበሰበና ለአሜሪካ ወታደሮች ልምምድ ሲባል በ47 ቀን ውስጥ መንደሩን እንዲለቅ ተነገረው። 150 ያህል ሰው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ እንመለሳለን ብለው ወጡ። አልተመለሱም። ቤቶቹ የከተማ ውጊያ መለማመጃ ሆኑ፤ ዛሬም መሬቱ የመከላከያ ነው። መንገዱ የሚከፈተው በዓመት ለተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው፤ በነሐሴ ገደማ በአንዱ ቀን ደግሞ አሮጌ የለንደን ቀይ አውቶቡሶች ሰው ጭነው ወደ ውስጥ ይገባሉ። የቀረው የቅዱስ ጃይልስ ቤተ ክርስቲያንና የጥቂት ቤቶች አጥንት ነው። ባለቤቱ አንድ ነበር፤ ያ አንድ ባለቤት መንደር አያስፈልገውም ነበር።

ኢምበር በተወሰደች በዓመቱ፣ በ1944፣ የፎክስ ታልቦት የልጅ ልጅ ማቲልዳ ታልቦት ገዳሙንና የላኮክን መንደር ለናሽናል ትረስት ሰጠች። ናሽናል ትረስት በ1895 የተቋቋመ በጎ አድራጊ ባለአደራ ድርጅት ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም። በ1907 የወጣ ሕግ ልዩ ጉልበት ሰጥቶታል፦ ድርጅቱ የማይሸጥ የማይለወጥ ብሎ የመዘገበውን ንብረት ያለ ፓርላማ ፈቃድ መሸጥም ማስያዝም አይቻልም። ያንን ዘመን ልብ ማለት ያሻል። የውርስ ግብር ትልልቅ ርስቶችን እያፈረሰ ነበር፤ ወራሾች ጣሪያ ማሳደስ አቅቷቸው ቤተ መንግሥት የሚያህል ቤት ያፈርሱ ነበር። ማቲልዳ ያገባችና የወለደች አልነበረችም። ቤቶቹን አንድ በአንድ ብትሸጥ ገዢ አይጠፋም ነበር። አልሸጠችም፤ ከነመንደሩ ሰጠች።

በ1947 ካስል ኩም ተሸጠች። ካስል ኩም ከላኮክ በስተሰሜን ምዕራብ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ የተኛች፣ በመልክ ላኮክን የምታስከነዳ መንደር ናት። እሷም የአንድ ባለርስት ነበረች። በዚያ ዓመት ርስቱ ተከፋፍሎ በጨረታ ወጣ፤ ትልቁ ቤት ዛሬ ሆቴል ነው፣ ትንንሾቹ ቤቶች በየግል እጅ ገቡ። በ1962 የእንግሊዝ ውብ መንደር ተብላ ተመረጠች፤ ከዚያ ወዲህ እረፍት የላትም። በ1966 አንድ የሆሊውድ ፊልም ሊሠራባት መጥቶ ወንዟ ላይ ግድብ ሲሠራ፣ በኋላ በዋልታ አሳሽነት ዝነኛ የሆነው ራኑልፍ ፋይንስ፣ ያኔ የብሪታንያ ልዩ ጦር ወጣት መኮንን ሳለ፣ ግድቡን በፈንጂ ለማፍረስ ሞክሮ ተያዘ። ከልዩ ጦሩ ተባረረ፣ ተቀጣ። ሰውየው መንደርተኛ እንኳ አልነበረም። የዛሬው ችግር ግን ፈንጂ አያሻውም፤ በአትክልት ቦታ ላይ የሚያንዣብብ ድሮንና በሰው መስኮት የሚያይ ካሜራ ነው። ነዋሪዎቹ ድሮን ማብረር ክልክል ነው የሚል ጽሑፍ በየበሩ መለጠፍ ግድ ሆኖባቸዋል።

በሦስቱ መሃል ያለው ልዩነት ውበት ወይም ዕድሜ አይደለም። ላኮክ ውስጥ ቤት መግዛት አይቻልም፤ ከጥቂቶች በቀር ቤቶቹ ሁሉ የድርጅቱ ናቸው፣ ነዋሪውም ተከራይ ነው። ስለዚህ የለንደን ሀብታም በዓመት ሦስት ሳምንት የሚያድርበት ቤት ሊያደርገው አይችልም። ትምህርት ቤቱ ልጆች አሉት፤ ማታ መብራት ይበራል። ካስል ኩም ውስጥ ገንዘብ ያለው ይገዛል፣ ለእረፍት ያከራያል፣ ይሸጣል። በባሕር ዳር ያለችው የኮርንዎል ከተማ ሴንት አይቭስ ይህ ስላስመረራት በ2016 በሕዝብ ድምፅ፣ አዲስ የሚሠራ ቤት ለቋሚ ነዋሪ እንጂ ለእረፍት ቤትነት እንዳይሸጥ ወሰነች። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ደግሞ በመላው እንግሊዝ የየአካባቢው ምክር ቤቶች በሁለተኛ ቤት ላይ እጥፍ ግብር መጣል ይችላሉ። ዘግይቶ የመጣ መድኃኒት ነው፤ ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ ቤት የገዛ ሰው ግብሩ እጥፍ ቢሆንበት እንቅልፍ አያጣም።

ላኮክን ያለ እንከን አድርጌ መሣሌ አይደለም። ተከራይ ተከራይ ነው። በገዛ ቤትህ በር ላይ ምስማር ለመምታት ፈቃድ መጠየቅ አለ፤ ቤቶቹ በቅርስነት ተመዝግበዋልና ያለ ፈቃድ መለወጥ በሕግ ያስጠይቃል። ልጆችህ ሲያድጉ እዚያው ቤት የማግኘታቸው ነገር በአከራዩ ውሳኔ ነው። ድርጅት ደግሞ ከባላባት ይልቅ ደንብ ያበዛል። አንዲት ሴት የገበያ ዘንቢሏን ይዛ በሯን ለመክፈት ስትሞክር አይቻለሁ። አምስት ሰዎች በሩን ፎቶ ለማንሳት ቆመው እሷ እስክትገባ ይጠብቁ ነበር፤ አንዱማ በእጁ ቶሎ በይ የሚል ምልክት ሰጣት። ቁልፏን ረጋ ብላ አወጣች። በጣም ረጋ ብላ።

ጠባቂ ባለቤት መሆንም ሁልጊዜ ለነዋሪው ደግነት አይደለም። ከላኮክ በስተምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ርቀት ላይ ያለውን ኤቭበሪን ተመልከቱ። በዓለም ትልቁ የድንጋይ ክብ፣ ማለትም የጥንት ሰዎች ዙሪያውን ያቆሟቸው ታላላቅ ድንጋዮች ያሉበት ነው፤ መንደሩ ግማሹ በክቡ ውስጥ ይገኛል። በ1930ዎቹ በማርማላታ የበለጸገ ቤተሰብ ወራሽ የሆነው አሌክሳንደር ኬይለር መሬቱን እየገዛ የወደቁትን ድንጋዮች አቆመ። ጥሩ ሠራ፤ ግን ለዕይታው ሲል በክቡ ውስጥ የነበሩ ቤቶችን አስፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ውጭ እንዲወጡ አደረገ። በ1943 ለናሽናል ትረስት በ12,000 ፓውንድ ሸጠው። አምስት ሺህ ዓመት ገደማ የቆዩ ድንጋዮች እንደገና ሲቆሙ የጥቂት መቶ ዓመት ቤቶች ቆሻሻ ሆኑ። የትኛው ዘመን ቅርስ እንደሆነና የትኛው እንዳልሆነ የሚወስነው እንግዲህ ገንዘቡን የያዘው ነው።

ስለ ገንዘብ ከተነሳ፣ የአውቶሞቢል አምራቹ ሄንሪ ፎርድ በ1930 ከግሎስተርሺር ቼድዎርዝ መንደር አንድ የድንጋይ ቤት ገዝቶ፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ አስነቅሎ፣ ሚሺጋን ወስዶ አስተክሎታል። ቤቱ እስከ ዛሬ ዲርቦርን ውስጥ አለ። ሰውየው ቢያንስ ከፍሎ ነው የወሰደው።

የአሁኑ ክርክር እዚህ ላይ ነው፤ የዘመኑ ጎብኚ ሳይከፍል ይወስዳል። ቢበሪ ስድስት መቶ ያህል ነዋሪ ያላት መንደር ናት። በበጋ ቅዳሜና እሁድ የቱሪስት አውቶቡሶች እየተከታተሉ ይገባሉ፤ ሰው ይወርዳል፣ ግማሽ ሰዓት ይቆያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ መጸዳጃ ቤት ይጠቀማል፣ ይሄዳል። ሌሊቱን ለንደን ያድራል፤ ምሳውን ኦክስፎርድ በልቷል። በ2025 የአውራጃው ምክር ቤት ትልልቅ አውቶቡሶች በመንደሯ መሃል እንዳይቆሙ በሙከራ ደረጃ ገደብ ጣለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ መንግሥት የእንግሊዝ ከንቲባዎች በሚያድር ጎብኚ ላይ ግብር እንዲጥሉ ሥልጣን የመስጠት ዕቅዱን አስታወቀ። ሐሳቡ ለትልልቅ ከተሞች ይበጅ ይሆናል። ለመንደር ግን የተገላቢጦሽ ነው። የሚያድረው እንግዳ እራት የሚበላው፣ ቁርስ የሚገዛው፣ አልጋ የሚከራየው ነው፤ መንደሩን የሚጠቅመው እሱ ነው። መንደሩን የሚያጨናንቀው የማያድረው ነው፤ እሱን ደግሞ የአልጋ ግብር አይነካውም። እኔ ብጠየቅ ግብሩን የምጥለው በመኪና ማቆሚያው ላይ ነው። ላኮክ ይህን አስቀድሞ አውቆበታል፤ መኪናውን ከመንደሩ ውጭ ያስቆምና ያስከፍላል፣ በመንገዱ መዞር ግን በነፃ ነው። ገዳሙንና የፎቶግራፍ ሙዚየሙን ማየት የሚፈልግ ትኬት ይቆርጣል፤ ገንዘቡም ያንኑ ጣሪያ ያድሳል።

ለመሄድ ያሰበ ሰው መኪና አያስፈልገውም። ከለንደን ፓዲንግተን ጣቢያ እስከ ቺፐናም በባቡር ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ከዚያ አውቶቡስ አለ። ቢቻል በሥራ ቀን፣ ቢቻል በብርዱ ወራት። ሰው በሌለበት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወርዶ በትንሿ የድንጋይ ድልድይ ላይ መቆም፣ ውኃው መንገዱን አቋርጦ ሲያልፍ ማየት ከመስኮቱ ፎቶ ይበልጣል። ምሳ ጆርጅ በሚባለው መጠጥ ቤት። ከምድጃው አጠገብ አንድ የእንጨት መንኮራኩር ታገኛላችሁ። ድሮ ለዚሁ ተብሎ የሚረባ አጭር እግር ውሻ በውስጡ እየሮጠ መንኮራኩሩን ያዞራል፤ መንኮራኩሩ ደግሞ በእሳቱ ላይ ያለውን ሥጋ ያገላብጣል። ውሻ በበላበት ይጮሃል ይባላል፤ ይህኛው ቀኑን ሙሉ ሽታውን ብቻ እየሳበ ይሮጥ ነበር። አንድ ሌሊት ማደር የቻለ ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ፣ እንደ እንግሊዞቹ ሰዓት ማለት ነው፣ የመጨረሻው መኪና ሲወጣ መንደሩ ወደ ራሱ ሲመለስ ያያል። የቆሻሻ ገንዳ ከየጓሮው ይወጣል። አንድ ልጅ በሃይ ስትሪት መሃል ብስክሌት ይነዳል።

ወደ ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ባዝ ይገኛል። ከተማዪቱ በዓለም ቅርስነት ሁለት ጊዜ ተመዝግባለች፤ የሮማውያኑ መታጠቢያ በቀን ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ፍል ውኃ ከመሬት ያወጣል፣ ሙቀቱ 46 ዲግሪ ነው፣ ሰልፉም ከላኮኩ መስኮት ይብሳል። እሱን የፈለገ ይየው። እኔ ግን በአውቶቡስ ወደ ኒውብሪጅ ሰፈር እንድትወጡ እመክራለሁ። በዚያ ፌርፊልድ ሀውስ አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጣሊያን አገራቸውን ሲወርር በጁን 1936 እንግሊዝ ገብተው፣ በጄኔቫ ለመንግሥታቱ ማኅበር ያንን ንግግር ካደረጉ በኋላ የገዙት ቤት ነው፤ ከእቴጌ መነንና ከቤተሰቡ ጋር እስከ 1940 ድረስ የስደት ዘመናቸውን ያሳለፉት በዚህ ነው። የሕይወት ታሪካቸውን የመጀመሪያ ክፍል ያስጻፉትም በዚህ ነው። ቤቱ ከሚጠበቀው በታች ነው፤ የከተማ ነጋዴ የሚሠራው ዓይነት ቪላ። የክረምቱን እርጥበት በር ላይ ስትቆሙ ታውቁታላችሁ፤ ለሐረርና ለአዲስ አበባ ፀሐይ የለመደ ሰው ምን እንደሚሆንበት መገመት አይከብድም።

ይህንንም ቤት ባለቤቱ አልሸጡትም። በ1958 ለባዝ ከተማ ሰጡት፤ ለአረጋውያን መኖሪያና መገልገያ እንዲሆን። ለረጅም ዓመታት የአረጋውያን ቤት ሆኖ ቆየ። ከተማው ቤቱ ለተሰጠበት ዓላማ መዋሉን እንዲቀጥል የተሟገቱ ሰዎች በዝተው፣ ዛሬ የበጎ ፈቃድ ሰዎች ያስተዳድሩታል፤ ከካሪቢያንና ከሌላ አገር መጥተው በባዝ ያረጁ ሰዎች ይሰበሰቡበታል፣ ራስ ተፈሪያን ከሩቅ እየመጡ ይሳለሙታል። ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፤ የሚከፈትባቸውን ቀናት አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። እኔ የደረስኩት ዝግ በሆነበት ቀን ነበር። በአጥሩ አጠገብ ቆሜ ስልኬን ሳወጣ አንዲት አሮጊት ከውስጥ በመስኮት አዩኝ፤ መጋረጃውን አልዘጉም፣ እጃቸውን አነሱልኝ። ስልኩን ወደ ኪሴ መለስኩና እኔም አነሳሁላቸው።